ጠማማው ፎቶ

አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነበር። አንዳርጌ ይባላል። በከተማው ውስጥ ያለ እሱ ካሜራ የተዳረ ሰው ካለ፣ ወይ በድብቅ የተዳረ ነው ወይ ከአንዳርጌ ጋር የተጣላ ነው ይባል ነበር። ሙያውን ያውቃል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ብርሃኑን ያመቻቻል፣ ቬሎውን ያስዘረጋል፣ ሚዜዎቹን በቁመት ያሰልፋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የታወቀው በአንዲት ቃል ነው፤ «ድገሙልኝ» በምትለው።

ሙሽራው የአማቱን ጉልበት ሲስም ካመለጠው «ድገሙልኝ» ይላል፤ ሙሽራው ተመልሶ ይንበረከካል። ኬኩ ከተቆረሰ በኋላ ቢላዋው እንደገና ይነሳል። አንድ ጊዜማ የሙሽሪት እናት ልጃቸውን ሲሸኙ ያነቡትን እንባ ሳይዘው ቀርቶ፣ «እናቴ፣ ቶሎ ጠረጉት እኮ፤ እስቲ ትንሽ ያልቅሱልኝ» አላቸው አሉ። አለቀሱለትም። በእኛ አገር ለዳኛ የማይታዘዝ ሰው እንኳ ለሠርግ ፎቶ አንሺ ይታዘዛል። ከሠርጉ ይልቅ አልበሙ የሚበልጥብን ይመስለኛል።

የዚያው ከተማ ልጅ የሆነ አንድ ስመ ጥር ዘፋኝ ደግሞ ነበር። ስሙ ይርዳው ነው። አገር ምድሩን በዘፈን የዞረ ሰው ሲሆን፣ ወደ ተወለደባት ከተማ ግን ለብዙ ዓመት አልተመለሰም። ምክንያቱ ታላቅ ወንድሙ ናቸው። ጋሽ ወርቅነህ ይባላሉ፤ እዚያው ከተማ ወፍጮ ቤት አላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባታቸው ያረፉ ዕለት ይርዳው ሌላ አገር መድረክ ላይ ነበር። መርዶው በስልክ ደረሰው። ያን ጊዜ ማይኩን አስቀምጦ መንገድ ቢጀምር ቀብሩ ላይ ይደርስ ነበር። እሱ ግን «ሕዝቡን እንዴት ጥዬ እሄዳለሁ» ብሎ ዝግጅቱን ጨረሰ። ሲደርስ አባቱ ተቀብረው፣ ድንኳን ውስጥ ሰው ንፍሮ እየቆረጠመ ነበር። ጋሽ ወርቅነህ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት እንዲህ አሉት፤ «የአባትህን ሬሳ ያልተሸከመ እጅ ማይክ ይዞ ውሏል። እንግዲህ ከማይክህ ጋር ተዛመድ።» ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ቢላክ፣ ካህን ቢላክ፣ ይርዳው ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፋቸው ቢቆም፣ ጋሽ ወርቅነህ በራቸውን አልከፈቱም።

ይርዳው በማይክ ነገር ስሙ የወጣ ሰው መሆኑም ቁስሉን አባባሰው። አንድ ክረምት የመድረኩ ሳንቃ ተሰብሮ ሲወድቅ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ማይኩን ከከንፈሩ ሳይለይ ዘፈኑን ጨርሷል። «ይርዳው ነፍሱን ይለቃል እንጂ ማይኩን አይለቅም» ይላሉ አድናቂዎቹ በኩራት። ይህንኑ አባባል ጋሽ ወርቅነህም ሰምተውታል፤ እሳቸው ግን የሰሙት በሌላ ጆሮ ነው።

እንግዲህ ይርዳው እያደር ጤናው ሲላላ፣ ድምፁም መሰለል ሲጀምር፣ «ሳልሞት በተወለድኩበት ልዝፈን» አለ። ኮንሰርቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ በከተማው ኳስ ሜዳ እንዲሆን ተቆረጠ። አዘጋጁ ፎቶ አንሺ ሲፈልግ የተጠራው አንዳርጌ ነበር።

አንዳርጌ ኮንሰርት አንስቶ አያውቅም። ሆኖም «ሰው ማንሳት ሰው ማንሳት ነው» ብሎ ሄደ። ከመድረኩ ሥር፣ ወለሉ ደረቱ ላይ በሚደርስበት ቦታ ቆመ። ገና በመጀመሪያው ዘፈን ግን መከራውን አየ። የሚታዘዝ ሰው የለም። ይርዳው «ቀና በል» ቢባል አይሰማም፤ ማይኩ አፉን ይሸፍነዋል፤ ማይኩ ዞር ሲል ደግሞ አፉ እንደ ከረጢት ተከፍቶ ጥርሱን ያሳያል። እስክስታ ወራጆቹ ትከሻቸው ከሥዕል ይልቅ ጭስ ሆኖ ይወጣል። እውነተኛው የመድረክ ጭስም በበኩሉ ከጓዳ ይለቀቃል። አንዳርጌ ፍላሹን አብርቶ ሲያነሳ ይርዳው ዓይኑን ጨፍኖ ግጥሙን ሳተ፤ ሕዝቡም ፎቶ አንሺውን ጮኸበት። አንዳርጌ እንዲህ ያለ ውርደት በሠርግ ቤት አይቶ አያውቅም።

መቼም ሞኝ አይደለም። ፍላሹን አጠፋና አርፎ ማየት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ገባው። ይርዳው ከፍ ያለውን ዜማ ሊጀምር ሲል ትንፋሽ ይስባል፤ ያን ጊዜ ማይኩን ከፊቱ ራቅ ያደርግና ወደ ሰማይ ያያል። ፊቱ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ዘፈኑን በጆሮ እየተከተለ ያቺን ትንፋሽ መጠበቅ ጀመረ። አንድ ሁለቴ ቀደመ፣ አንድ ሁለቴ ዘገየ፤ በመጨረሻ ግን አገኛት። የይርዳው ፊት፣ የማታ ፀሐይ ያረፈበት ግንባሩ፣ በደረቱ የሞላው ትንፋሽ ሁሉ ገባ። አንዳርጌ በሕይወቱ ካነሳው ሁሉ የሚበልጥ ፎቶ ነበር።

አንገቱን ደፍቶ ያነሳውን በካሜራው ስክሪን ማየት ጀመረ። አሳድጎ አየው። ቅንድቡን አየ፣ ላቡን አየ። ደስ አለው፤ ደስ ሊለውም ይገባዋል። ጥፋቱ ደስታው አይደለም፤ አንገቱን ሳያቀና መቆየቱ ነው።

እሱ አንገቱን ደፍቶ ሳለ ይርዳው ዜማውን አቁሞ፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ግጥም አወጣ፤

አባቴን ያልቀበርኩ፣ አፈር ያላለበስኩ፣
በየመድረኩ ላይ ስዘፍን አለቀስኩ።

ከሜዳው ጥግ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። «አልሄድም» ብለው ምለው ነበር፤ ግን ኳስ ሜዳው ለቤታቸው ቅርብ ነው፣ ድምፅ ማጉያው ደግሞ ቤታቸው ድረስ ይገባል። «ከሩቅ ልየውና ልመለስ» ብለው ነው የወጡት። ያቺን ግጥም ሲሰሙ ባርኔጣቸው ከራሳቸው ላይ ወደቀ፤ አላነሱትም። ሰውን እየገፉ ወደ መድረኩ ሄዱ። ዘበኞቹ እንደ ማንኛውም ሸላሚ ግንባሩ ላይ ብር ሊለጥፉ የመጡ መስሏቸው አሳለፏቸው። ደረጃውን ሲወጡ አንድ እግር ጫማቸው ወልቆ ቀረ። እሱንም አላነሱትም። በአንድ እግራቸው ካልሲ ብቻ መድረኩን አቋርጠው ሄደው ይርዳውን አንገቱን አቀፉት።

ሕዝቡ በአንድ አፍ ጮኸ። አንዳርጌ በድንጋጤ ብርግግ አለ፤ ጣቱም ሳያስበው የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ። ቀና ብሎ ካሜራውን ዓይኑ ላይ ሲያደርግ ከበሮ መቺውና ጊታር ተጫዋቹ ወንድማማቾቹን ከበዋቸው ነበር። በሌንሱ የታየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ጀርባው ገለል ሲል ደግሞ ሁለቱ ተላቅቀው፣ ጋሽ ወርቅነህ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው።

አመለጠው። የአገሩ ሰው ለዓመታት የጠበቀው እርቅ ከፊቱ ተፈጽሞ፣ አንዳርጌ አላየውም።

ይሄኔ «አመለጠኝ» ማለት ነበረበት። አፉ የለመደው ግን ሌላ ነው። መድረኩ ላይ ዘሎ ወጣና፣ «ይቅርታ፣ አልያዝኩትም። ድገሙልኝ» አለ።

ይርዳው አልገባውም። «ምኑን?» አለ።

«መተቃቀፉን ነው ጋሽ ይርዳው። አንዴ ብቻ። ለታሪክ ነው።»

አዘጋጁም ከጎን «ለታሪክ ነው፣ ለታሪክ ነው» አለ። አንዳርጌ ጫማውን ከደረጃው አምጥቶ «ጋሼ፣ ጫማዎትን ያጥልቁ» አላቸው። ጋሽ ወርቅነህ አጠለቁ። ከበሮ መቺው ማይኩን አቀበለውና አንዳርጌ በይርዳው እጅ አስያዘው። «እንዲህ ያዘው፤ ዘፋኝነትህ ይታይ። ጋሼ፣ እርስዎ ከዚያ ይምጡ። ፊትዎን ወደ እኔ። አዎ፣ እጅዎን ትከሻው ላይ።» ጋሽ ወርቅነህ መጡ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ከሕዝቡ መሐል አንዱ ሳቀ፤ ሌላው «ለካ ለፎቶ ነው» አለ። ሁለተኛ ጊዜ ሲተቃቀፉ በመካከላቸው ማይኩ ነበር፤ የጋሽ ወርቅነህን ደረት ይወጋቸው ነበር። ፎቶው ግን ያለ እንከን ወጣ። ብርሃኑ ልክ፣ ፊቱ ልክ፣ ፈገግታው ልክ።

ጋሽ ወርቅነህ ኮንሰርቱ ሳያልቅ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አዘጋጁ ያንን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ፣ ከሥሩ «የእርቅ ኮንሰርት» ብሎ ጽፎ፣ ለሚቀጥሉት ከተሞች ማስታወቂያ አደረገው። አንዱ ፖስተር ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ ተለጠፈ። እህል ሊያስፈጭ የሚመጣ ሁሉ «ጋሽ ወርቅነህ፣ ተዋናይ ሆኑብን እኮ» ይላቸዋል። መጀመሪያ ችላ ብለው መፍጨታቸውን ቀጠሉ። ውለው ሲያድሩ ግን ሐሳብ ገባቸው። ግጥሟስ ለምን በዚያች ሰዓት ወጣች? ፎቶ አንሺውስ ለምን እዚያው ተገኘ? ዘበኞቹስ ለምን ሳይጠይቁ አሳለፏቸው? ሁለተኛው መተቃቀፍ በትእዛዝ ከሆነ፣ የመጀመሪያውስ በማን ትእዛዝ ነበር? ሰው አንዴ ከተጠራጠረ ለጥርጣሬው ማስረጃ አያጣም። በሽማግሌ በኩል ለይርዳው እንዲህ ሲሉ ላኩበት፤ «እርቃችን ፎቶ ነበር። ፎቶውን ይያዘው፤ እኔን ይተወኝ።»

ይርዳው መልእክቱን ሲሰማ ወደ ማንም አልሄደም፤ ወደ አንዳርጌ ስቱዲዮ መጣ። አንዳርጌ ያንኑ ፎቶ በክፈፍ አድርጎ መስኮቱ ላይ ሰቅሎት ነበር፤ የመጣለት ለምስጋና ነበር የመሰለው።

«የመጀመሪያውን ስጠኝ» አለው ይርዳው።

«የመጀመሪያው የለኝም፤ አመለጠኝ።»

«እንዴት አመለጠህ? ከእግሬ ሥር ነበርክ እኮ።»

አንዳርጌ ሐፍረት ያዘው። «አንገቴን ደፍቼ ያነሳሁትን እያየሁ ነበር» አለ።

ይርዳው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እንግዲህ ስማኝ» አለ። «ወንድሜን ዳግመኛ ያጣሁት በአንተ ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ ያጣሁት በገዛ ጥፋቴ ነው፤ ለዚያ አልወቅስህም። ግን እስቲ ንገረኝ፤ ያላየኸውን ነገር ነው እንዴ ያስደገምከን?»



ይርዳው ሳይሄድ አንዳርጌ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የዚያን ቀን ፎቶዎች ከላይ እስከ ታች ማየት ጀመረ። እንዲህ ያለ ፍለጋ ተስፋ የለውም፤ ቢሆንም አንዳንዴ ሰው ሐፍረቱን የሚያሳልፈው እጁን ሥራ በማስያዝ ነው። ያቺ የትንፋሽ ፎቶ መጣች። ከእሷ ቀጥላ ደግሞ አንዲት ጠማማ፣ ደብዘዝ ያለች፣ ፊት የሌላት ፎቶ አለች። በሠርግ ሥራ ቢሆን ሳያመነታ የሚሰርዛት ዓይነት ናት። በድንጋጤ ጣቱ ሲጫን የተነሳች ናት። ሌንሱ ወደ መድረኩ ወለል ዞሮ ስለነበር የገባው እግርና ወለሉ ላይ ያለው ነገር ብቻ ነው።

ይርዳው ቀና ብሎ አያት። ቆይቶ «ይህችን እኔ ለወንድሜ ብወስድለት አስነስቶ አመጣት ይለኛል» አለ። «አንተ ውሰድለት። እኔ መኪናው ውስጥ እቆያለሁ።»

አንዳርጌ ወፍጮ ቤት ሲገባ ጋሽ ወርቅነህ ከወፍጮው አጠገብ ቆመው ነበር፤ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ለብሰዋል። አወቁት።

«ደግሞ መጣህ?» አሉት። «አሁንስ ምን ልታስደግመኝ ነው?»

«ምንም ጋሼ። አንድ ነገር ላሳይዎት ነው። ሌላ ቃል አልጨምርም» ብሎ ፎቶዋን ሰጣቸው።

ዱቄት ባለበት እጃቸው ያዟት። ወደ ብርሃኑ አዞሯት። አንድ እግር ጫማ፣ አንድ እግር ካልሲ አዩ፤ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። የራሳቸው ካልሲ ነው። ሊስቁ ቃጣቸውና ተዉት። ከሱ ፊት ለፊት የይርዳው ጫማዎች አሉ። በሁለቱ እግሮች መካከል ደግሞ መሬት ላይ የተጋደመ ነገር አለ።

«ይሄ የወደቀው ምንድን ነው?»

አንዳርጌ ቃል አልጨምርም ብሎ ነበር፤ ግን ተጠየቀ። «ማይኩ ነው ጋሼ።»

«የማን ማይክ?»

«የጋሽ ይርዳው።»

ጋሽ ወርቅነህ ፎቶዋን አስጠግተው አዩ። ያን ጊዜ ፊታቸው በወንድማቸው ትከሻ ውስጥ ነበር፤ ጆሯቸውም በሕዝቡ ጩኸት ተሞልቷል። ማይኩ መውደቁን አላዩም፣ አልሰሙም። ያዩት ሁለተኛውን ነው፤ ደረታቸውን የወጋቸውን።

«ጣለው?» አሉ።

«ጣለው።»

ጋሽ ወርቅነህ ሄደው ወፍጮውን አጠፉት። የሚያስፈጩት ሴቶች «ምነው ጋሼ፣ መሐል ላይ?» አሏቸው።  እሳቸው ግን ወደ አንዳርጌ ዞረው «የት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ። አንዳርጌ በእጁ ወደ ደጅ አመለከተ።

ዱቄታቸውን ሳያራግፉ ወጡ። ይርዳው ከመኪናው ወርዶ «ወንድም ጋሼ» ከማለቱ አቀፉት። ይርዳው ጥቁር ኮት ለብሶ ነበር። ሲላቀቁ ጀርባው ላይ ሁለት ነጭ መዳፍ ታትሞ ቀርቷል። አንዳርጌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ካሜራውም አንገቱ ላይ ነበር። ያንሳው አያንሳው እኔ አላውቅም፤ ሰው ሲጠይቀውም ወሬ ያስቀይራል። አንድ ነገር ግን ሴቶቹ ይመሰክራሉ፤ ድገሙልኝ አላለም።

ይርዳው ብዙ ሳይቆይ ዐረፈ። ቀብሩ ላይ ሬሳውን ከተሸከሙት ፊተኛው ጋሽ ወርቅነህ ነበሩ። ያ የሚያምረው ፖስተር ዝናብ መትቶት ከምሰሶው ላይ ተቀዶ ወደቀ። ጠማማዋ ፎቶ ግን እስከ ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ አለች። እንግዳ ሰው «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ፎቶ ነው፤ ፊት እንኳ የለውም» ሲል፣ ጋሽ ወርቅነህ፣ «ፊታችንማ ሌላው ላይ አለ፤ እዚህ ላይ ያለነው እኛ ነን» ይላሉ።

አንዳርጌ ዛሬም ሠርግ ያነሳል። ቀለበት ሲጠለቅ ካመለጠው፣ አክስት አጎት ተሰብስቦ «ይደገምልህ?» ይለዋል። «አይ፣ አመለጠኝ» ይላል። አንዳንዱ ይከፋበታል፣ አንዳንዱም ትቶት ሌላ ፎቶ አንሺ ይጠራል። እሱ ግን አሁን ስክሪኑን የሚያየው ቤቱ ሲገባ ነው።

ወዳጄ፣ ዘፋኝ ሲዘፍን ጥሩ ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ይህን ይያዝ፤ ያነሳኸውን ስታደንቅ የሚመጣው ያልፍሃል። ካለፈህ ደግሞ «አለፈኝ» በል፤ ሐቅ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። ያለፈህን እንደገና ካስሠራኸው ግን የምታገኘው ሁለተኛውን ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያውንም ታረክሰዋለህ። እውነተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ጠማማና ደብዛዛ ነው፤ ካልሲውም የተቀደደ ነው።

አሁን ደግሞ ልጠይቅህ። ልጅህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማ ወደ አንተ የተራመደች ዕለት፣ «ቆይ ስልኬን ላውጣ» ብለህ መልሰህ አስቀምጠሃት ነበር እንዴ? እጆቿን ዘርግታ ስትመጣ ያየችው ምንህን ነው? ፊትህን ወይስ አናትህን?